የጥሩብርሃን ድምፅ በአደራ ስለ መጠበቁ

ቅርስ ያለ ጠባቂ፣ ጠባቂም ያለ ቁልፍ እንደማይሆን የተረዱ አርቆ አሳቢዎች በዋና ከተማው አንድ ተቋም አቋቁመዋል። የተቋሙ ተግባር በየገጠሩ እየዞሩ የሕዝቡን ዘፈን፣ ቀረርቶና ሙሾ በድምፅ መቅጃ መልቀም፣ የተለቀመውንም አምጥቶ መጋዘን ውስጥ መቆለፍ ነው። በመቆለፉ በኩል እስካሁን አንድም ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም። የተቀዳውን ማድመጥ ግን በመመሪያ የተከለከለ ነው፤ ካሴት በተደመጠ ቁጥር ይሳሳል፣ የሳሳ ቅርስ ደግሞ ለትውልድ አይተላለፍም። ስለዚህ ተቋሙ ዜማውን ከእርጥበት፣ ከአይጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰሚ ጠብቆ ኖሯል።

የዚህ ቤት ምሰሶ ዶክተር ሰውመሆን ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ያልረገጡት ገጠር፣ «እስቲ እንደገና» ያላሉት ባለዜማ የለም። ሕዝቡን ከልባቸው ይወዱታል። ዝም ብሎ የቆመ እንደሆነ ይሰለቻቸዋል እንጂ አፉን ከፍቶ ያዜመ እንደሆነ ዐይናቸው እንባ ያቀራል። በየጉባኤው የሚናገሯት አንዲት ቃል አለቻቸው፤ «ያልተቀዳ ዜማ እንዳልተጠመቀ ልጅ ነው» ይላሉ። አዳራሹ ያጨበጭባል። ቃሏን ከማን እንዳገኟት ሲጠየቁ «ከሕዝቡ ነው» ይላሉ፤ ሕዝቡም አያስተባብልም፤ ጉባኤው ላይ አልተጠራምና።

ጡረታቸው ሲቃረብ አንድ ነገር ጎደላቸው። በመጨረሻው ታላቅ ጉባኤ የሚያቀርቡት፣ ሰምቶ የማያለቅስ የማይኖርበት ሙሾ አልነበራቸውም። እንዲህ ያለው የሚገኘው ፎገራ ነው ተባሉ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሜዳው ገና ውኃ እንደ ቋጠረ ወረታ ገቡ።

የተቀበሏቸው የባህል ባለሙያው አቶ ንብረት ናቸው። አቶ ንብረት ስብሰባ በሌለበት ቀን ራሳቸውን የሚሰበስቡ ትጉህ ሰው ነበሩ። ለሙሾ ከይርገዱ የሚሻል እንደሌለ፣ እሷ ያላወረደችበት ለቅሶ ሟቹንም እንደማያስደስተው ገልጸው፣ ዶክተሩን ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት መንደር ወሰዷቸው። እትየ ይርገዱ ከሩዝ ማሳዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ይዛ ወጣች። ዶክተሩ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ ቀጥለውም ከበስተኋላ ሩዙ እንዳይታይ ፊቷን ወደ ዋርካው እንድታዞር ለመኗት። ሩዝ ፎገራ የገባው በቅርብ ዘመን ስለሆነ ባህል አይደለም።

«ማን ሞተ?» አለች እትየ ይርገዱ፤ ሙሾ እንደሚፈልጉ ስትሰማ።

ማንም እንዳልሞተ አስረዷት።

«ታዲያ ምን ብዬ ላልቅስ? ሟች ሳይኖር ማልቀስ ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤ እኛ ዘንድ አይደረግም።»

ይህ ለአቶ ንብረት የአሠራር ክፍተት እንጂ ሌላ አልነበረም። በማግስቱ የቀበሌውን ሰዎች ሰብስበው፣ ለጥናቱ መሳካት «ናሙና ሟች» እንዲመረጥ ሐሳብ አቀረቡ። ደስታው የሚባል ገበሬ፣ የአረም ወራት ስለሆነ መጋደሙን ጠልቶት አልነበረምና፣ ለአገር የማይሆኑለት ነገር እንደሌለ ተናግሮ ተመረጠ። ምንጣፍ ተነጠፈለት፤ ጋቢ ለበሰ። ሚስቱ ከማሳ ደርሳ ጋቢውን ገፈፈችውና፣ መሞት ካማረው ከልቡ እንዲሞት፣ ካልሆነ ግን ማጭዱን አንሥቶ እንዲከተላት ነገረችው። ደስታው ከሞት ተነሥቶ ተከተላት። የመንደሩን ካህን፣ ቄስ ባምላክን ቢጠይቋቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ፍትሐት እንዳላት፣ ለተኛ ሰው ግን መቀስቀስ ብቻ እንደሚገባው መለሱ።

ዶክተሩ ተስፋ ቆርጠው ዕቃቸውን ወደ መኪናው ሲያስገቡ እትየ ይርገዱ መጣች። እጇን ታጥባ፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ ነበር። ከፊታቸው ቆማ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አውቅዎታለሁ፤ ያኔ ጠጉርዎ ጥቁር ነበር» አለች።

ነገሩም እንዲህ ነው። በደርግ መጨረሻ ዓመታት እትየ ይርገዱ ይፋግ ከእናቷ ከጥሩብርሃን ጋር ትኖር ነበር። ወንድሟ አለኸኝ ዘምቶ የመሞቱ መርዶ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ሰውመሆን በዚያ ቀን ይፋግ ገበያ ላይ የነጋዴ ዜማ ፍለጋ ሲባዝኑ ጩኸት ሰሙና እግዚአብሔርን አመስግነው ሮጡ። ጥሩብርሃን ለልጇ ስታወርድ ከአፏ ሥር ማይክ አኖሩ። ለቅሶው ሲበርድ ይህ ምንድን ነው ብላ ብትጠይቃቸው፣ ድምጿን ተቋሙ በአደራ እንደሚይዘው፣ ግልባጩንም ለልጇ ለይርገዱ እንደሚልኩላት ነገሯት። ጥሩብርሃን ዓመት ሳትሞላ ልጇን ተከተለች። ይርገዱ ወረታ መናኸሪያ በወጣች ቁጥር ከመሐል አገር የመጣውን ሹፌር ሁሉ ካሴት የተላከ እንደሆነ ትጠይቅ ነበር። ሹፌሮቹ በኋላ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ራሳቸውን መነቅነቅ ለመዱ።

«መልኳ አለኝ» አለቻቸው። «ዐይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል። ድምጧ ነው የጠፋኝ። ጆሮዬ ላይ ነበረ፤ መቼ እንደሄደ እንኳ አላወቅሁትም። እሱን ያምጡልኝ። ስሰማው አለቅሳለሁ፤ ያንን ይቅዱ። ያኔ የውሸት አይሆንብኝም።»

የዶክተሩ ልብ ተነካ። በተነካበትም ቅጽበት የጥናታቸው ርእስ ታያቸው፤ «የእናት ሙሾ በልጅ ጆሮ፦ የፎገራ ሐዘን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ»። እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ቃል ገቡላት።

በተቋሙ ታሪክ ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ባለቤቱ የተመለሰ ድምፅ ስለሌለ፣ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ድምፅ ሊመለስ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ተከራክሮ፣ ለአንድ ቀን በውሰት ሊወጣ ይችላል ሲል ወሰነ። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ መንግሥቴ ሣጥኑን ከፈቱ። ካሴቱ ከነክብሩ ተቀምጧል፤ ጀርባው ላይ በራሳቸው በዶክተሩ ያማረ የእጅ ጽሑፍ «ጥሩብርሃን፣ ይፋግ፣ ሙሾ» ይላል። ዶክተሩ ትንሽ ሰምተው ሊያረጋግጡ ቢያስቡ አቶ መንግሥቴ ዐይናቸውን አፈጠጡ።

«ሊያሳሱት ነው?»

ዶክተሩ አፈሩ። መመሪያውን ያረቀቁት እሳቸው ነበሩ።

የርክክቡ ቀን እትየ ይርገዱ ደጅ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። አቶ ንብረት «ድምፅ ለባለቤቱ!» የሚል ሰፊ ጨርቅ አሰቀሉ። ካሴት የሚያጫውት ቴፕ በወረታ ተፈልጎ ከአንድ ጸጉር አስተካካይ ቤት ተገኘ። ድንኳን ያየ መንገደኛ ሁሉ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ማን እንደ ሞተ ሳይጠይቅ እየገባ ተቀመጠ። እትየ ይርገዱ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ከቴፑ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ቄስ ባምላክ በአንድ ጎኗ፣ የጎረቤቷ ልጅ አምሳል ስልኳን ደግና በሌላው ጎኗ። አቶ ንብረት ንግግር አደረጉ። ዶክተር ሰውመሆን ከዚያ የረዘመ ንግግር አደረጉ። አገር አደራዋን የማትበላ መሆኗን፣ ሳይንስ ሞትን ባያሸንፈውም በካሴት እንደሚያስቀረው አብራሩ። ከዚያ የራሳቸውን አዲስ መቅጃ ከፈቱና፣ የካሴቱን ቁልፍ ተጫኑ።

መጀመሪያ ሿ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ የአንድ ወጣት ድምፅ «ይፋግ፣ ቅዳሜ ገበያ» አለ። ራቅ ብሎ ሴቶች ያለቅሳሉ። ከዚያ አንዲት ሴት በረጅሙ ተነፈሰች፤ ሊያወርዱ ሲሉ እንደሚደረገው ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ «እህህ»።

እትየ ይርገዱ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ቴፑ ቋ አለ።

«ክቡራን የጉባኤው ተሳታፊዎች!» አለ ቴፑ። «የሕዝባችንን የድምፅ ቅርሶች ከጥፋት ስለ መታደግ በተዘጋጀው በዚህ ታሪካዊ ጉባኤ ላይ ጥናቴን ሳቀርብ የሚሰማኝ ኩራት ወሰን የለውም።»

የተናጋሪው ድምፅ ያው የቅድሙ ወጣት ነው፤ በጥቂቱ ጎርነን ብሏል። ያልተቀዳ ዜማ እንዳልተጠመቀ ልጅ መሆኑን ተናገረ። በካሴቱ ውስጥ ያለው አዳራሽ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ። አቶ ንብረትም ከድንኳኑ ውስጥ አብረው አጨበጨቡ፤ ጭብጨባ ሰምተው ዝም ማለት አልለመዱም። ከበር አካባቢ የተቀመጡ መንገደኞችም ደንቡ ነው ብለው ተከተሏቸው።

ዶክተር ሰውመሆን ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ያ ጉባኤ የመጀመሪያቸው ነበር። ስማቸው ሊጠራ ሲል ቀጂው ባዶ ካሴት እንዳለቀበት ነገራቸው። የእሳቸው ጥናት ሳይቀዳ ሊቀር ነው። የመስክ ካሴቶቹ ሣጥን ቅርብ ነበር፤ እጃቸውን ሰደው ከላይ ያገኙትን አወጡና ሰጡት። የማን እንደሆነ አላዩም። ወይም አይተው ነበር፤ ይህን ለመለየት አሁን ጊዜው አልፏል። በእጃቸው መዳፍ ላይ የካሴቱ ጠርዝ ተሰማቸው።

«አለቀ?» አለች እትየ ይርገዱ።

ዶክተሩ ምላሳቸው እየተሳሰረ በሌላው ፊት ሊኖር እንደሚችል ነገሯት። ካሴቱ ተገለበጠ። በሌላው ፊት የጥያቄና መልስ ክፍለ ጊዜ ነበር።

ቄስ ባምላክ ተነሥተው ቴፑን አጠፉት። እትየ ይርገዱ ዱካዋ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ ጀመረች፤ ከሆዷ ያው ቅድም የተሰማው ዓይነት ትንፋሽ ወጣ፤ ከዚያም አወረደችው፤

አፈርስ እናቴን ይዟታል ባደራ፣
ሣጥን ነው የበላት ከጭብጨባው ጋራ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ድምጿ ከፍ አለ፤

ሌባ ቢመጣብኝ በሬ ነድቶ ሄደ፣
ምሁር ቢመጣብኝ እናቴን ወሰደ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ደፉ። አቶ ንብረት መሬት መሬት አዩ። እሷ ወደ ዶክተሩ ዘወር አለች፤ በቁጣ አልነበረም፤ ሟች ወዳለበት እንደሚዞሩት ነው፤

ሰው መሆን ነው ብሎ ስሙን ነገረኝና፣
ድምጥማጧን አጥፍቶ መጣ በምስጋና።

ዶክተር ሰውመሆን ሐፍረት አልተሰማቸውም ማለት ሐሰት ነው። ፊታቸው ጠቁሯል። ሆኖም የሠለጠነ እጅ ባለቤቱን አይጠብቅም። ገና በመጀመሪያው ትንፋሽ ማይኩ ከአፏ ሥር ደርሶ ነበር። ማዳመጫቸው ውስጥ የሚፈሰው ዜማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈልጉት የኖሩት ነው፤ ሳጉ የጠራ፣ የተቀባዮቹ ድምፅ ከኋላ እንደ ርብ ወንዝ ሙላት የሚያጓራ። ከግጥሙ ይልቅ ዜማውን ለመስማት ሞከሩ፤ ተሳካላቸውም። ሁሉም ጸጥ ሲል ቀስ ብለው ወደሷ ጎንበስ አሉ።

«እትየ ይርገዱ፣ በሁለተኛው ላይ ላም ጮኸችብን። እስቲ እሱን ብቻ እንደገና ቢሉልኝ?»

እትየ ይርገዱ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እናቴም አንዴ ነው ያለችው» አለች።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፤ ካሴቱን እንዲተዉላት። ትንፋሿ አለበት፤ ንግግሩ ሲመጣ አጠፋዋለሁ አለች። ዶክተሩ እጅግ አዘኑ፤ ነገር ግን ካሴቱ በውሰት የወጣ የተቋሙ ሀብት መሆኑን፣ ደጋግማ ከሰማችውም እንደሚሳሳ አስረድተው ኪሳቸው ከተቱት። ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል። ትንፋሹን እንኳ ያተረፈችላት አምሳል ናት። ስልኳ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይቀዳ ነበርና፣ ንግግሩን ቆርጣ ጣለችና «እህህ» የምትለዋን ብቻ በእትየ ይርገዱ ስልክ ላይ ጫነችላት። እትየ ይርገዱ ማሳ ስትወርድ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መያዝ ጀመረች።

ሙሾው ግን ድንኳኑ ውስጥ አልቀረም። ስልክ የያዘ ብዙ ነበር። ወረታ ውስጥ ባጃጆች ከፍ አድርገው ያጫውቱት ጀመር። ይፋግ ገበያ ላይ በሽምብራና በጓያ ሻጮች አፍ ገባ። በሚቀጥለው ክረምት የሩዝ አረም ደቦ የወጡ ጎረምሶች ሐዘኑን አውጥተው ጉልበት ጨመሩበትና ማረሚያ አደረጉት፤ አንዱ «ሌባ ቢመጣብኝ» ሲል ሌላው በጭቃው ውስጥ እየተወረወረ ይቀበላል። ከጣራ ገዳም የወረዱ የቅኔ ተማሪዎች «ሰው መሆን» የሚለውን ሰምተው ሳቁ፤ ሰሙንና ወርቁን ተካፍለው ሄዱ።

ዶክተሩ በበኩላቸው ስለ ጉዞው «የተሳካ» የሚል ዘገባ አቀረቡ፤ ቅጂውን «ለጥናት ዝግ» ብለው አስቆለፉት፤ ለታላቁ ጉባኤም ስለ ሌላ ነገር አነበቡ። መጋዘኑ እንዲህ ያለ ነገር የሚያርፍበት ደግ ቤት መሆኑን ያን ቀን አመሰገኑ።

ጊዜው አለፈ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ብርክቲ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከፎገራ የመስክ ሥራ በደስታ እየበረረች ተመለሰች። ማንም ያልመዘገበው ጥንታዊ እንጉርጉሮ አግኝታለች። የግምገማ ጉባኤ ተጠራ፤ ሰብሳቢው ዶክተር ሰውመሆን ናቸው። ብርክቲ አጫወተችው፤ የአራሚ ጎረምሶች ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ዶክተሩ የያዙትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ብርክቲ ትንታኔዋን አቀረበች። ሣጥኑ የነገሥታት መቃብር ምሳሌ ነው። ጭብጨባው ወረብ ነው። «ሰው መሆን» ደግሞ የአገሩ ጥንታዊ ፈላስፎች ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ ያስተማሩት ረቂቅ ሐሳብ ነው። ሽማግሌዎቹን ከመቼ ጀምሮ እንደሚዜም ብትጠይቃቸው «ከድሮ ነው» ብለዋታል። መቅጃ ይዞ ለመጣ ሰው ከዚህ በላይ መናገር በፎገራ ቀርቷል።

ከአባላቱ አንዱ፣ አቶ ሉቃስ፣ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ሰው መሆን የተባለው ሐሳብ ሳይሆን ሰው ቢሆንስ፣ ያውም በሕይወት ያለ ሰው ቢሆንስ ሲሉ ጠየቁ። ሁሉም ወደ ሰብሳቢው አዩ፤ ስማቸው ፊታቸው በቆመው ሰሌዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ነገር ግን ለዓመታት ስላዩት ማንም አላነበበውም።

ዶክተር ሰውመሆን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምርጫው ሁለት ነበር። አንዱን ለመናገር አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ «እኔ ነኝ»። አፋቸውን ከፈቱ።

«የጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው» አሉ። «በዜማው ይታወቃል። ሰውየው ከሞተ ምዕተ ዓመታት አልፈዋል።»

ብርክቲ ይህን እንደ ማረጋገጫ ልጥቀሰው ወይ ብላ ጠየቀች። ይጠቀስ አሉ፤ ፈረሙም። እሷም በደስታ ተነሥታ፣ ይህን የመሰለ ግኝት ባረጋገጡላት በታላቁ መምህሯ መሸኛ በዓል ላይ የተቋሙ የባህል ቡድን እንጉርጉሮውን እንዲያቀርበው ሐሳብ አቀረበች። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

በመሸኛው ዕለት ዶክተሩ በፊተኛው ረድፍ፣ አበባ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞላቸው ተቀመጡ። ቡድኑ በተጠለፈ ልብስ አጊጦ ወጣ። መጀመሪያ ስለ ሣጥኑ፣ ቀጥሎ ስለ ምሁሩ ተዜመ። «ሰው መሆን ነው ብሎ» ላይ ሲደርሱ የተቋሙ ኃላፊ ለሰው ልጅ ክብር ሲሉ ተነሥተው ቆሙ፤ አዳራሹም ተከትሎ ቆመ። ዶክተሩም ቆሙ።

አቶ ሉቃስ ከጎናቸው ሆነው በማዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ያለ ክፉ ሰው ቢሆን ነው እንዲህ የተዜመበት?» አሏቸው በሹክሹክታ።

ዶክተር ሰውመሆን አበባቸውን አስተካከሉ።

«ጥንት እኮ ነው» አሉ። «ያኔ ሰው አልሠለጠነም ነበር።»